ኃላፊያችንን ያጠቃው ማን ነው?

በእኛ የካርድ ጠረጴዛ ላይ ዘንዶ የሚያስፈራው ባለቤቱን ብቻ ነበር። ሌሎቻችን ዘንዶው እንደማይመጣብን እናውቃለን። ባለቤቱ ግን ተራው በደረሰ ቁጥር "አሁን ይህን ማን ላይ እልከዋለሁ?" እያለ ይጨነቃል። እኛን አንድ በአንድ ያያል፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ "እሱ ዛሬ ይረፍ" ይላል። ዘንዶው እያረፈ ወራት አለፉ።

ጨዋታው ውጊያ ነው። እያንዳንዱ ሰው አርባ የሕይወት ነጥብ ይዞ ይጀምራል። በየተራው ካርድ እየጣለ ፍጡራን ያሰልፋል፤ ፍጡራኑን በመረጠው ሰው ላይ እየላከ ነጥቡን ይቀንስበታል። አርባው ያለቀበት ይወጣል፤ መጨረሻ የቀረው ያሸንፋል። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ጨዋታውን የፈጠሩት ሰዎች ደብረ ታቦር መጥተው ስለማያውቁ ተጫዋች ሁሉ ማጥቃት ይፈልጋል ብለው አስበዋል።

ካርዶቹን ያመጣቸው እኔ በምሠራበት ኮሌጅ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ወጣት የኮምፒውተር መምህር ነው። ሻንጣው ውስጥ ከልብሱ ካርዱ ይበዛ ነበር። መጀመሪያ ሦስት ሆነን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጫወት ጀመርን፤ እሱ፣ እኔና የቤተ ሙከራ ባለሙያዋ። እሷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ናት፤ እኔ እታለም እላታለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጁ በለመደው መንገድ አጠቃ። ከእታለም አርባ ነጥብ ላይ ስድስት ቀነሰ።

"ምን አደረግሁህ?" አለችው።

"ምንም። ጨዋታ እኮ ነው።"

"ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ። ምን አደረግሁህ ነው የምልህ።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ እታለም የገብስ ቆሎ ይዛ መጣች። ለእኔ በእፍኟ ሙሉ ሰጠችኝ፤ እሱ ጋ ስትደርስ ከከረጢቱ ሥር የቀረውን አራገፈችለት። የቀረው ገለባ ነበር። በሦስተኛው ወር ልጁም "ይረፍ" ማለት ጀመረ።

የእኔ ሥራ ካርዶቹን መተርጎም ነበር። እታለም "እኔ ለጨዋታ ብዬ መዝገበ ቃላት አልገልጥም" ስላለች፣ የእያንዳንዱን ካርድ ጽሑፍ በአማርኛ በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ከካርዱ ጋር በላስቲክ ሽፋኑ ውስጥ አስገባለሁ። ሕጎቹንም ለብቻ ጽፌ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኋቸው። ባለ ፎቶ ኮፒው በሽፋኑ ላይ ያለውን ዘንዶ ገልበጥ አድርጎ አየና "ጊዮርጊስስ የት ሄደ?" አለኝ። የለም ብለው ግራ ይገባዋል፤ አለ ብለው እዋሻለሁ። "በሚቀጥለው ገጽ ነው" አልሁት።

ይህን ስጽፍ በሰዎቹ ላይ ብቻ እየሳቅሁ እንዳይመስል ስለ ራሴም ልናገር። የአንበሳሜ አካባቢ ልጅ ነኝ። እዚህ ረዳት መምህር ሆኜ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ክፍል ውስጥ ከማስታወሻዬ ላይ እያነበብሁ አስተምራለሁ፤ ስብሰባ ላይ ስሜን የምሰማው ለፊርማ ሲጠሩኝ ብቻ ነው። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ቤት ውስጥ መኖሬንና አለመኖሬን መለየት ስላቃታት፣ በር ከማንኳኳቷ በፊት በመስኮት ታያለች። ያ ጠረጴዛ ግን ሌላ ነበር። "ይህ ምን ይላል? ይህን ማድረግ ይቻላል?" እያሉ ይጠይቁኛል፤ መልሴን ይጠብቃሉ፤ እኔም እመልሳለሁ። በሳምንት ውስጥ ሰው ወደ እኔ ዞሮ እስክጨርስ የሚያዳምጠኝ እነዚያን ሦስት ሰዓታት ብቻ ነበር። ሌላ ቦታ አልነበረኝም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምተርከው ነገር ለሌላው ሰው የካርድ ወሬ ነው፤ ለእኔ ግን ያንን ወንበር የማጣትና ያለማጣት ጉዳይ ነበር።

የባሕር ዳር መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ቅዳሜን የሚያሳልፉበት አጡ። ቤተሰባቸው ባሕር ዳር ነው። የማረፊያ ክፍሉ ቁልፍም እሳቸው ዘንድ ነው። አንድ ቅዳሜ በሩን ከፍተው ሰጡንና እንደ ወትሮው ከመሄድ ይልቅ ገቡ። ሦስታችንም ተነሣን።

"ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ። ምንድን ነው ይሄ?"

ልጁ አስረዳቸው። ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሙና "እስቲ እኔም ልሞክር" አሉ። አይሆንም የሚል ቃል በሦስታችንም ራስ ውስጥ አላለፈም። አራተኛ ወንበር ሳብን።

ሰባት ቅዳሜ ተከታትለው አሸነፉ። ምሥጢሩ ቀላል ነው። እኛ እርስ በርስ ለመነካካት እንሳቀቃለን፤ እሳቸውን መንካት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። እሳቸው ግን በጠረጴዛው ላይ የበላይ ስለሌላቸው እንዳሻቸው ያጠቃሉ። ሰባት ነጥብ፣ አሥር ነጥብ፣ "ይቅርታ እንግዲህ" እያሉ። እኛም "ኧረ ምንም አይደል ዶክተር" እያልን ሞተን እንወጣለን። ካሸነፉ በኋላ ደግሞ ትምህርት አለ።

"የእናንተ ችግር መቸኮል ነው" ይላሉ ካርዳቸውን እየሰበሰቡ። "ይህ ጨዋታ ትዕግሥትና ስልት ነው የሚፈልገው።"

ሁለት ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ ያላልነው ሦስት ሰዎች ራሳችንን በአዎንታ እንነቀንቃለን። አንድ ጊዜ በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ ስለ ሥራ ዕቅድ ሲናገሩ "ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር የምጫወታት አንዲት የስልት ጨዋታ አለች" ብለው ምሳሌ ሰጡ። ልጁ እስክሪብቶውን ሲነክስ አየሁት።

እኔ የተናደድሁት ግን በማሸነፋቸው አልነበረም። በሰባተኛው ቅዳሜ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የየሰዉን ቀሪ ነጥብ ሲቆጥሩ የእኔን ረስተውት አለፉ። ልጁ ሲያስታውሳቸው እየሳቁ "እሷ እኮ ብትጫወትም ባትጫወትም አይታወቅም" አሉ። እውነታቸውን ነው። ከፊቴ ግንብ እደረድራለሁ። ግንብ የሚባሉት ካርዶች መከላከል እንጂ ማጥቃት አይችሉም፤ እኔ የምወዳቸውም ለዚያው ነው። እውነት መሆኑ ግን ነገሩን አላቀለለልኝም። ያን ሳምንት ሙሉ ልብስ ሳጥብም፣ ፈተና ሳርምም አረፍተ ነገሯ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ከጨዋታ በፊት ካርድ የመለዋወጥ ልማድ አለን። ልጁ ማንም የማይፈልጋቸውን ካርዶች በጫማ ካርቶን ውስጥ ያስቀምጣል። ከእነሱ ውስጥ አራቱ እኔ ስተረጉማቸው "ጠብ ጫሪ" ብዬ የሰየምኋቸው ነበሩ። በእጄ ጽሑፍ እንዲህ ይላሉ፦ ይህ ካርድ የተጣለበት ፍጡር በባለቤቱ ተራ ሁሉ ማጥቃት አለበት። ካርዱን የጣለውን ተጫዋች ግን፣ ሌላ ተጫዋች እስካለ ድረስ፣ ማጥቃት አይችልም።

"እነዚህን ነው የምፈልገው" አልሁት።

"ምን ያደርጉልሻል? እዚህ አገር አይሠሩም። ሰው ሲገደድም ይቅርታ ጠይቆ ይቀራል።"

"በምን ትሰጠኛለህ?"

"ባለ ክንፉን ፈረስሽን ትሰጪኛለሽ?"

ባለ ክንፉ ፈረስ ያለኝ ምርጥ ካርድ ነበር። ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ "እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ። እኔ ያንን ጽሑፍ ስተረጉም ጀምሮ አስቤበት ነበር። ሌላው ሰው ያጠቃል፤ እኔን ማጥቃት አይችልም፤ እኔም ማንንም አላጠቃሁም። ዓይን አፋር ሰው ተቀምጦ ለራሱ ሕግ ያርቅቅ ቢባል ከዚህ የተሻለ አያወጣም።

ያን ቅዳሜ በሦስተኛው ተራዬ የመጀመሪያውን ጠብ ጫሪ በእታለም ዝሆን ላይ ጣልሁት። ዝሆኑ ዘጠኝ ነጥብ የሚቀንስ ነው፤ ከተሠለፈበት ቀን ጀምሮ አንድ እርምጃ ተራምዶ አያውቅም።

"ምን ይላል?" አለች እታለም።

አነበብሁላት።

"ማጥቃት አለበት? ማን ነው አለበት ያለው?"

"ካርዱ።"

"ባልልከውስ?"

"ሕጉ አይፈቅድም።"

"እንግዲያው አንቺን ልምታሻ። አንቺ አትቀየሚኝም።"

"እኔን መምታት አይቻልም፣ እታለም።"

ኃላፊያችን ሳቁ። "ሕግ ከተባለ ይከበራል" አሉ። ዝሆኑ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃሉ። እታለምም እሳቸውንና ልጁን አንዴ ካየች በኋላ ብዙ አላሰበችም።

"አንተ እንግዲህ ወንድሜ ነህ" አለችና ልጁን ዘጠኝ ነጥብ ቀነሰችበት።

"አመሰግናለሁ" አለ ልጁ።

ሁለተኛውን ጠብ ጫሪ በኃላፊያችን እባብ ላይ ጣልሁ። እባቡ ስድስት ይቀንሳል። እሳቸው ማስገደድ አላስፈለጋቸውም፤ እሳቸውም ልጁን መቱ። በሚቀጥለው ተራም ሁለቱ ልጁን መቱ፤ በሚቀጥለውም። ሲወጣ ደስ ያለው መሰለኝ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና ኳስ እንደሚያይ ሰው ቆሎውን መቆርጠም ጀመረ።

አሁን ሦስት ቀረን። የእታለም ተራ ደረሰ። ዝሆኑን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን አየች።

"አሁንስ?" አለችኝ።

"አንድ ሰው ነው የቀረው።"

"ማን?"

ማን እንደሆነ ታውቃለች። እኔም መናገር ስላልፈለግሁ ካርዱን እንደገና አነበብሁላት።

"ዶክተር፣ ሕጉ እኮ ነው" አለች።

"ገብቶኛል። ቀጥይ።"

"እኔ ፈልጌ አይደለም።"

"ቀጥይ ብያለሁ።"

እታለም ከወንበሯ ተነሣች። ለትልቅ ሰው ዕቃ እንደሚሰጥ ሰው ጎንበስ ብላ ዝሆኑን በሁለት እጇ ወደ ፊታቸው ገፋችው። የኃላፊያችን እባብ በራሳቸው ተራ ተገዶ አጥቅቶ ስለነበር ደክሟል፤ የደከመ ፍጡር ደግሞ መከላከል አይችልም። ከሌሎቹ ፍጡሮቻቸው ዝሆን የሚያቆም አልነበረም። ዘጠኝ ነጥብ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ያልተነካው አርባ ሠላሳ አንድ ሆነ።

እሳቸው ሲደርሳቸው እባቡ መላክ አለበት፤ እኔ ላይ አይመጣም፤ ስለዚህ እታለም ላይ ላኩት። በትናንሽ ፍጡሮቻቸው ወደ እኔ ሞከሩ፤ ግንቦቼ መለሷቸው። እንደገና የእታለም ተራ ሆነ።

"ዶክተር፣ ደግሞ መጣሁ" አለች እንደገና ከወንበሯ እየተነሣች።

በአምስተኛው ጊዜ አለቀላቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ እኔ ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ወረቀቴን እያየሁ "አሁን ማጥቃት አለበት፣ አሁን ማጥቃት አለበት" ስል ነበር፤ ሰዓት የሚያስታውቅ ሬዲዮ እንጂ ሰው አልመስልም። በልቤ ግን፣ መደበቅ አልችልም፣ እየዘፈንሁ ነበር።

"ጥሩ ጨዋታ ነበር" አሉ ኃላፊያችን። ካርዶቻቸውን ጫፍ ከጫፍ አስተካክለው አስቀመጡ። ኮታቸውን ለበሱ። "በሩን ልዘጋው ነው፤ ውጡ።" ገና ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ነበር። ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍሉ ተቆልፎ አገኘነው። የጉና ተራራ ንፋስ እየገረፈን በሩ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆምን። ልጁ ደወለላቸው፤ ስብሰባ አለብኝ አሉት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ የሚጠራ ሰው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ከማን ጋር እንደተሰበሰቡ አልገባንም። በሁለተኛው ቅዳሜም ተቆልፎ ነበር። በሦስተኛው ክፍሉ ለሌላ ሥራ ይፈለጋል ተባለ። በኮሪደር ስናገኛቸው ሰላምታቸው ትክክል ነው፤ ጉድለት አይወጣለትም፤ ግን ከአንድ ቃል አይበልጥም።

እነዚያን ቅዳሜዎች ምን እንዳደረግሁባቸው ለመጻፍ ያሳፍራል። ነጠላዬን አጥቤ፣ ደርቆ ሳይቆሽሽ ደግሜ አጠብሁት። የጠብ ጫሪዎቹን ጽሑፍ ይበልጥ አሳምሬ ገለበጥሁ፤ ለማን እንደሆነ ሳላውቅ። አንድ ሰኞ ተማሪዎቼ "መምህርት፣ አይሰማም" አሉኝ፤ ከዓርብ ጀምሮ ከሰው ጋር እንዳልተነጋገርሁ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

"ተቀይመዋል" አለች እታለም። "ሽማግሌ ነው የሚያስፈልገን።"

ልጁ ሳቀ። "በካርድ?"

"የተቀየሙት በካርድ ነው። በምን ሊታረቁ ፈለግህ?"

ሽማግሌው ከኮሌጁ መዝገብ ቤት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መሬት የተካፈሉ ወንድማማቾችን፣ የተጣሉ ባልና ሚስቶችን ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው። ከረፋድ ጀምሮ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ፀሐይ ይሞቃሉ። በምሳ ሰዓት ሦስታችን ሄደን ከፊታቸው ቆምን። እታለም ነገሩን አስረዳች። ሽማግሌው ማስረጃውን ማየት አለብኝ አሉ። ልጁ ዝሆኑን፣ እባቡንና ጠብ ጫሪዎቹን አግዳሚው ላይ ደረደረላቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አንድ በአንድ አዩ።

"ዶክተሩን የመታቸው ማን ነው?"

"የእኔ ዝሆን ነው" አለች እታለም። "ግን ተገዶ ነው።"

"ማን አስገደደው?"

"ይሄ ካርድ።"

"ካርድ እጅ የለውም፣ ልጄ። ይህን ማን ጣለው?"

እታለምና ልጁ ወደ እኔ አልዞሩም፤ ጨዋዎች ናቸው። እኔ መለስሁ።

"አልሰማሁሽም" አሉ ሽማግሌው።

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

"አንቺ ነሽ የመታሻቸው?"

"እኔ አልመታሁም።"

"ይህን ልጅስ?"

"አልመታሁም።"

"በዚህ ጨዋታ ማንን መትተሽ ታውቂያለሽ?"

"ማንንም።"

መነጽራቸውን አወለቁ። አልተቆጡም፤ እንዲያውም ፈገግ አሉ፤ እሱ ነው የከፋው። "እንግዲያው ከአራታችሁ ክፉዋ አንቺ ነሽ" አሉ። "ይህች የራሷን ዝሆን ነው የላከችው። ዶክተሩም የራሳቸውን እባብ ነው የላኩት። አንቺ ግን በሰው እጅ ሰው አስመታሽ፤ ራስሽ ወረቀት ታነቢያለሽ። ሰውዬውን ያስቀየማቸው መሸነፉ አይመስለኝም። አምስት ጊዜ ተመትተው የመታቸውን ሰው ፊት አላዩም።"

የምመልሰው ነበረኝ። ካርዱ የጨዋታው አካል እንደሆነ፣ ሕጉ ለሁሉም እኩል እንደሆነ፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው ብቻ የሚያጠቃበት ጨዋታ ስንጫወት ሽማግሌ ያልተጠራው ለምን እንደሆነ፤ ሁሉንም በቅደም ተከተል አሰናድቼ ነበር። አንዱንም አልተናገርሁም። ይህም የሽማግሌውን ነገር አጠናከረላቸው።

ሐሙስ ዕለት ኃላፊያችን ቢሮ ሄድን። ሽማግሌው ወንበር ላይ፣ እኛ በር አጠገብ።

"እኔ የተቀየምሁት ነገር የለም" አሉ ኃላፊያችን ገና ሳንጀምር። "ተቀይመዋል ያላችሁ ማን ነው?"

"እናውቃለን፣ አልተቀየሙም" አሉ ሽማግሌው። "ይቅር ይበሉን ልንል ነው የመጣን።"

"በምኑ?"

"ባልተቀየሙበት።"

ኃላፊያችን ይህን ሲሰሙ ትንሽ አሰቡና "እሱማ ደግ ነው" አሉ። እኔ ወደ ፊት ወጥቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። ድንጋይ ተሸከሚ አላሉኝም፤ ቢሉኝ ግን በተከፈተው በር ከኮሪደሩ ከሚያየኝ ሰው ሁሉ ዓይን ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ሽማግሌው ያዘጋጁት የእርቅ ውል ተነበበ። ጠብ ጫሪዎቹ ከጨዋታው ይወጣሉ። አራቱን ካርዶች ሽማግሌው በመሐረባቸው ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ከተቱ፤ አደራ ነው ተባለ። የኔ ባለ ክንፍ ፈረስ ግን ልጁ ጋ ቀረ፤ ስለ እሱ ማንም አላነሣም። ኃላፊያችንም መሳቢያቸውን ከፍተው ቁልፉ መኖሩን አዩና "ቅዳሜ ስምንት ሰዓት" አሉ።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ጀመርን። እርቅ እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። እታለም ዝሆኗን አሳረፈች። ልጁ በእኔ ፈረስ ላይ አዲስ ፈረስ ጨምሮ ሁለቱንም አሳረፈ። ይባስ ብሎ ኃላፊያችንም አሳረፉ። ከታረቁ ሰዎች መካከል በአንዱ ላይ እባብ መስደድ እሳቸውንም አሳፈራቸው። ፍጡራኑ እየበዙ ሄዱ፤ ጠረጴዛው ሞላ፤ ሌላ ጠረጴዛ አስጠግተን ቀጠልንበት። ሁለት ሰዓት አለፈ። አራታችንም አርባ አርባ ነበርን። ከጎንደር እስከ ይፋግ ሊሰለፍ የሚችል ሠራዊት ይዘን "አለፍሁ፣ አለፍሁ" እንባባላለን።

ኃላፊያችን ስልካቸውን አዩ። "መንገዱ ከተከፈተ ወዲያ እኔም ቅዳሜን ባሕር ዳር ብሆን ይሻላል" አሉ። "ክፍሉም ለስብሰባ ቢሆን..." አልጨረሱትም። እታለም "እሱማ ልክ ነው" አለች። ልጁም ካርቶኑን ከወንበሩ ሥር ወደ ራሱ ሳበ። ማንም ሳይቀየም፣ ማንም ሳይከፋው ጠረጴዛው ሊበተን ነበር፤ ለዚህ ደግሞ ሽማግሌ አይጠራም።

ተራው የእኔ ነበር። ከፊቴ ያሉትን ካርዶች አየሁ። አምስት ግንቦችና አንዲት ቀበሮ። ቀበሮዋ አንድ ነጥብ ነው የምትቀንሰው፤ ባዶ ቦታ እንዳይታይ ብዬ ነበር ያሰለፍኋት።

"አጠቃለሁ" አልሁ።

ልጁ ካርቶኑን ለቀቀው። "ማንን?"

ዶክተርን ማለት ነበረብኝ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ስለ ካርድ ጉዳይ ፊታቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል። "እርስዎን" አልሁ።

"ከኪሳቸው አንዱን ሰጡሽ እንዴ?" አለች እታለም፤ ሽማግሌውን ማለቷ ነው።

"አልሰጡኝም።"

"ታዲያ ማን አስገደደሽ?"

"ማንም።"

ኃላፊያችን ቀበሮዋን አዩ። "ስንት ነው የምትቀንሰው?"

"አንድ።"

"አንድ ብቻ?"

"አንድ።"

ከፊታቸው ሰባት ፍጡራን ነበሩ፤ በአንዱ ሊያቆሟት ይችሉ ነበር። አንድ በአንድ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጓቸው።

"ትግባ" አሉ በመጨረሻ፤ አርባውን ሰርዘው ሠላሳ ዘጠኝ ጻፉ።

ከዚያ ተራቸው ሲደርስ ሰባቱንም ወደ እኔ ላኩ። ያለ ይቅርታ። ግንቦቼ የቻሉትን አቆሙ፤ በሁለት ተራ ግን ያለቅሁ መሰለ። እየገደሉኝ ያስተምሩኛል፦ ግንብ ከቀበሮ ጋር ማሰለፍ ምን ዓይነት ሞኝነት እንደሆነ፣ ትዕግሥት ምን እንደሆነ። እኔ ግን እየሰማኋቸው አልነበረም። በሁለተኛው ጥቃት ከላኳቸው ፍጡራን አንዱ የተጣለበትን ተራ እየቆጠርሁ ነበር።

"ተሳስተዋል፣ ዶክተር" አልሁ።

እታለም ቆሎ መቆርጠሟን አቆመች።

"ምን?"

"ይህ ጅብ አሁን በዚሁ ተራ የጣሉት ነው። የተጣለ ፍጡር በዚያው ተራ አያጠቃም። ገጽ ሦስት ላይ አለ።" ወረቀቱን አውጥቼ አነበብሁላቸው፤ ድምፄ እስከ በሩ የሚሰማ ይመስለኛል። "የእሱ ሲቀነስ እኔ አልሞትሁም። ሁለት ነጥብ አለኝ።"

ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው አነበቡ። ጅቡን ወደ ኋላ መለሱት።

"በሁለት ነጥብ ምን ልታደርጊ ነው?"

"ቀበሮዋን እልካለሁ።"

"ላኪያ" አሉ። "ተራሽ ነው።"

ከጅቡ በቀር ፍጡሮቻቸው ሁሉ ደክመው ነበር፤ ጅቡንም አላስነሡባትም። ላክኋት። ሠላሳ ስምንት ብለው ጻፉና በሚቀጥለው ተራቸው በሕጉ መሠረት ገደሉኝ።